የሠለጠነ እጅ የሥራ አጥነት መድኃኒት ይሆናልን? ከአታት የሚነሣ ጥያቄ

ከወልቂጤ ተነሥቶ በጉብሬ በኩል ወደ እምድብር የሚያመራ መንገደኛ፣ ግራና ቀኝ የተዘረጋውን የእንሰት አጸድ እየተመለከተ ጥቂት እንደተጓዘ አታት ይደርሳል። አታት ትንሽ ቦታ ናት፤ ስሟ ግን በሆስፒታሏ ምክንያት ከአካባቢዋ አልፎ ይታወቃል። ሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ በተባሉት የካቶሊክ እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል በተለይ የሚጠቀሰው ለነፍሰ ጡር እናቶች ባዘጋጀው ማረፊያ ነው። ምጥ ሊያስቸግራት ይችላል ተብሎ የሚሠጋላት እናት የመውለጃ ጊዜዋ ሳይደርስ መጥታ በግቢው ታርፋለች፤ ምጧ ሲጀምር ሐኪሙ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃታል።

የዚህን ማረፊያ ውጤት የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ከ1987 እስከ 2008 ድረስ በሆስፒታሉ የወለዱ 24 ሺህ ያህል እናቶችን መዝገብ ተመልክቷል። በማረፊያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት በ100 ሺህ ሕያው ልደት 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1300 በላይ ነበሩ። ልዩነቱን ሁሉ ማረፊያው ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ረጅም መንገድ ተጉዘው፣ ከተዳከሙ በኋላ የደረሱ ናቸውና። ቢሆንም አኃዙ በጊዜ መድረስ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያተርፍ ይናገራል።

እናቲቱ በጊዜ ደርሳ ሐኪሙም በቦታው ቢገኝ፣ ቀዶ ሕክምናው እንዲሳካ ሌላም ነገር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩ መነሣት አለበት። ውኃ የሚስበው ፓምፕ መሥራት አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ መቀሱና መርፌው በትክክል መምከን አለባቸው። እነዚህን ሁሉ የሚያከናውነው ስሙ በሕክምና ዜና የማይነሣው የጥገና ባለሙያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም የሚነሣው ከእርሱ ነው። አንድ በኩል እንዲህ ያለው ባለሙያ ጠፍቶ መሣሪያ ቆሞ ይታያል፤ በሌላ በኩል ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ሥራ አጥቶ ይውላል። ሁለቱ እንዴት በአንድ አገር አብረው ሊኖሩ ቻሉ?

የእንፋሎቱ ምሥጢር

ሙያ ማለት እጅን ብቻ ማሠልጠን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እስቲ ይህን አስተሳሰብ በአንድ መሣሪያ እንፈትነው። የሕክምና መሣሪያ ማምከኛው አውቶክሌቭ በአሠራሩ ከቤታችን የግፊት ድስት ብዙም አይለይም። እንፋሎት በዝግ ዕቃ ውስጥ ታምቆ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በተለመደው አሠራር መሣሪያዎቹ በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይቆያሉ። ይህም እጅግ ጠንካራ የሆኑትን የባክቴሪያ ስፖሮች ሳይቀር ለመግደል ነው።

ከውኃ ጋር አብሮ ያለ እንፋሎት የሙቀት መጠኑ የሚወሰነው በግፊቱ ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ 205 ኪሎ ፓስካል ያህል ፍጹም ግፊት ያስፈልጋል። በመሣሪያው ላይ የተገጠመው የግፊት መለኪያ ግን በአብዛኛው የሚያሳየው ፍጹሙን ግፊት ሳይሆን በዕቃው ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭው አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ስለሆነ፣ መለኪያው 104 ሲያሳይ ድምሩ 205 ይሆናል፤ ሙቀቱም 121 ዲግሪ ይደርሳል።

ወልቂጤ ግን የባሕር ዳርቻ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 80 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ውኃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ በግፊት ብቻ የሚመራ አውቶክሌቭ ያለው አንድ ሠራተኛ በባሕር ጠለል ልክ የተጻፈውን መመሪያ ተከትሎ መለኪያው 104 ላይ ሲደርስ ቢያቆመው፣ ፍጹሙ ግፊት 184 ብቻ ነው። የእንፋሎቱም ሙቀት 118 ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

የሦስት ዲግሪ ጉድለት ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። የማምከን ሳይንስ የሚጠቀምበት የታወቀ ስሌት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ስፖሮቹን ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ ወደ 10 እጥፍ ያድጋል። በዚህ ስሌት መሠረት በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚበቃው ሥራ ከ118 በታች በሆነ ሙቀት ከ30 ደቂቃ በላይ ይጠይቃል። ሠራተኛው በ15 ደቂቃ ቢያወጣው ሥራው ከግማሽ በታች ነው ማለት ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ መርፌው ያበራል፤ ሰዓቱም ተጠብቋል። ከውጭ የሚታይ ስሕተት የለም። መፍትሔውን የሚያውቀው ግን መለኪያው ወደ 125 እስኪደርስ የሚጠብቅ፣ ወይም ከግፊቱ ይልቅ የሙቀት መለኪያውን የሚያምን የሠለጠነ ሰው ነው።

ይህ ሰው የሚያስፈልገው ዕውቀት የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ ዕውቀቱ ለፈተና ተጠንቶ የሚረሳ ሳይሆን በእጅና በዓይን ላይ ያደረ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የገንዘብ አቅማቸው ውስን በሆኑ 16 አገሮች ከተቆጠሩት ከ100 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎች ውስጥ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ከአገልግሎት ውጪ ነበሩ። ከምክንያቶቹ አንዱ የሠለጠነ ሰው እጥረት ነው። ሥራ የለም በሚባልበት ዓለም ሠሪውን የሚጠብቅ ሥራ ተቆልሎ ይገኛል ማለት ነው።

የፈተናው ደጅ

በአገራችን በየዓመቱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ወጣቶች ወደ ሥራው ዓለም እንደሚገቡ በተደጋጋሚ ይገለጻል። ከእነዚህ መካከል ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው ጥቂቱን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከመቶ ተፈታኞች ከ90 የሚበልጡት በዚያ ደጅ ሳያልፉ ቀሩ። እነዚህ ወጣቶች ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራም ተመልሰዋል። የቤተሰባቸው ተስፋና የራሳቸው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «አሁን ምን ልሁን?»

መንግሥት ለዚህ ጥያቄ መልስ አድርጎ ያቀረበው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ10ኛ ክፍል በኋላ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። አንዱ በመሰናዶ በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው 10+1፣ 10+2 እና 10+3 እየተባለ ወደ ሙያ ይወስድ ነበር። ነገር ግን ክፍፍሉ የተመሠረተው በፈተና ውጤት ላይ ስለነበር በተማሪውና በወላጁ ልብ መጥፎ ትርጉም ያዘ። ወደ መሰናዶ የገባ «አለፈ» ተባለ፤ ወደ ሙያ የሄደ «ወደቀ» ተባለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ በኋላም ቃሉ ከአንደበት አልጠፋም። የሥልጠናው የመጀመሪያ ችግር እንግዲህ የመሣሪያ ማነስ ሳይሆን የስም ማነስ ነው።

የቆየ ንቀት

ይህ ስም ከየት መጣ? ከፖሊሲው እጅግ የቆየ ነው። ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ፣ ቆዳ የፋቀ፣ ሸማ የሸመነ ሰው በአገራችን ታሪክ በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጆችን መሳደብ መከልከላቸው የታወቀ ነው። ንጉሠ ነገሥት በዐዋጅ ሊያስቆመው የተነሣ ስድብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

በጉራጌም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሰፊውንና ውቡን የጉራጌ ቤት የተመለከተ ሁሉ ያደንቃል፤ መካከለኛውን ምሰሶ ጠርቦ የሚያቆመው ግን በቀድሞው ዘመን ፉጋ እየተባለ ከማኅበራዊ ኑሮ የተገለለው የእንጨት ሠራተኛ ነበር። ያለ እርሱ ቤት አይቆምም፤ እርሱ ግን እንደሌላው መሬት ማረስ አይፈቀድለትም ነበር። ቤትን የሚያቆም እጅ በቤቱ እኩል እንዳይቀመጥ የተደረገበት ይህ ታሪክ ለዛሬው ወጣት የቀረው ውርስ አለ። ወላጅ ልጁ በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢያየው የሚደሰተውን ያህል ቱታ ለብሶ ቢያየው አይደሰትም።

ሆኖም ይኸው ሕዝብ ሌላም ውርስ አለው። ጉራጌ በንግድና በሥራ ወዳድነቱ የታወቀው በዘር በወረሰው ችሎታ ሳይሆን በአሠለጣጠኑ ነው። ከአገር ቤት አዲስ አበባ የገባ ልጅ መርካቶ ከሚገኝ ዘመዱ ዘንድ ይጠጋል። መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ይላላካል፤ ቀጥሎ ዕቃ ይለያል፣ ዋጋ ያጠናል፤ ከዚያ ሚዛን ይይዛል፤ በመጨረሻም ታማኝነቱ ሲረጋገጥ የራሱን ሱቅ እንዲከፍት ይታገዛል። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የአገራቸውን መንገድ ማሠራት የጀመሩት በዚሁ በሥራ በተገኘ ሀብትና መተማመን ነው። ይህ ከሥራው መካከል ገብቶ የመማር ዘዴ ነው።

ጀርመኖች ዛሬ ዓለም የሚቀናበትን የሙያ ሥልጠናቸውን የገነቡትም በተመሳሳይ መርሕ ነው። ሠልጣኙ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን በድርጅት ውስጥ እየሠራ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን በትምህርት ቤት ንድፈ ሐሳቡን ይማራል። ሥልጠናው እንደ ሙያው ዓይነት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ድርጅቱ ሠልጣኙን የሚፈልገው ነገ ለራሱ ስለሚያስፈልገው ነው። የእኛም አገር የ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ስትራቴጂና ከዚያ በኋላ የወጡት መመሪያዎች «የትብብር ሥልጠና» በሚል 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሰጥ ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ 70 በመቶውን የሚቀበል ድርጅት በየወረዳው አለመኖሩ ነው።

ሥልጠና ሥራ የሆነበት ጊዜ

ለመሆኑ በአገራችን ሥልጠና በእርግጥ ሥራ የሆነበት ጊዜ አለን? አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ከየቀበሌያቸው መርጦ፣ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ሁለት ሁለት እያደረገ ወደ ገጠር ቀበሌዎች መደባቸው። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። በዚሁ ዘመን የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የልማት ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት፣ የወባ አጎበርና የእናቶች ክትትል ወደ ደጃፍ አደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1990 በአገራችን ከተወለዱ 1000 ሕፃናት ከ200 የሚበልጡት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቁጥሩ ወደ 68 ወርዷል። የዚህ ለውጥ ምክንያት ብዙ ቢሆንም የእነዚህ ሴቶች ድርሻ በሰፊው የተመሰከረ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ የተሳካው ሥልጠናው ረጅም ስለነበረ አይደለም። ከሥልጠናው በፊት ሥራው ታውቋል፤ ቦታው ተለይቷል፤ ደመወዙ ተመድቧል፤ ሠልጣኟም የምትሄድበትን ቀበሌ ታውቃለች። ሥራው ሥልጠናውን ጠራው እንጂ ሥልጠናው ሥራውን አልጠራውም።

በሌሎች ሙያዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ተቋሙ የሚያሠለጥነው አካባቢው የሚፈልገውን ሳይሆን መምህርና መሣሪያ ያለውን ነው። በአንድ ከተማ በአንድ ዓመት ተመሳሳይ ሙያ የተማሩ ብዙ ወጣቶች ሲመረቁ ገበያው አይበቃቸውም። አሥራ አምስት ሠልጣኝ በአንድ የብየዳ ማሽን ዙሪያ ቆሞ አንዱ ሲበይድ አሥራ አራቱ ካዩ፣ የምስክር ወረቀቱ ለአሥራ አምስቱም ቢሰጥ ሙያው ያደረው በአንዱ ዘንድ ነው። ሥልጠና ብቻውን ሥራ አይፈጥርም። ሥራ የሚፈጠረው ችግሩን የሚከፍልበት ሰው ሲኖር፣ ችግሩን የሚፈታ እጅ ሲገኝና ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

በደጃፍ ያለው ሥራ

እንግዲህ በአታትና በአካባቢዋ የሚጠብቅ ሥራ የት ነው? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጓሮ ይጀምራል። እንሰት በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ምግብ ነው። ግንዱን የሚፍቁት፣ ሥሩን የሚከትፉት፣ ቡላውን የሚጨምቁት፣ ቆጮውን በጉድጓድ የሚያብላሉት ግን ሴቶች ናቸው። ሴቲቱ በተጋደመ ሳንቃ ላይ የግንዱን ቅጠል በእግሯ ደግፋ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ቀኑን ሙሉ ትፍቃለች። ድካሙን ያየ ሁሉ ማሽን ለምን አይሠራለትም ብሎ ይጠይቃል። የምርምር ማዕከላትና የሙያ ኮሌጆችም የመፋቂያና የመክተፊያ መሣሪያዎችን ሞክረዋል።

ሥራው ግን ብረት ቆርጦ ከመበየድ በላይ ነው። የሚብላላው እንሰት ላክቲክ አሲድ ያወጣል፤ አሲድ ደግሞ ተራ ብረትን ያዝገዋል። ብረት ከተክሉ ውስጥ ካሉት ታኒን መሰል ውሕዶች ጋር ሲገናኝ ምግቡን ሊያጠቁረው ይችላል። ቀርከሃ መፋቂያ የያዙት እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበት ጥበብ አለ ማለት ነው። እንግዲህ ሠሪው የማይዝግ ብረት መምረጥ፣ ጥርሱን ቃጫውን እንዳይበጣጥስ አድርጎ መሳል፣ የመሣሪያውንም ቁመት በምትሠራበት ሴት ልክ ማድረግ አለበት። እርሷን ሳይጠይቅ የሠራው ማሽን በጎተራ ጥግ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ ከተገለጸ ወዲህ፣ ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ በተበከለ መቁረጫ መሣሪያ እንደሆነ ታውቋል። ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በኪራይ የሚያገለግል የእንሰት ማሽን ቢኖር፣ ባለቤቱ በየማሳው መካከል መሣሪያውን አጥቦ በእሳት ወይም በበረኪና ካላጸዳ፣ ድካም ያቃልላል የተባለው ማሽን በሽታ አዳራሽ ይሆናል። በአታት ሆስፒታል መርፌ የሚያመክነውና በጓሮ እንሰት የሚፍቀው ባለሙያ የሚያስፈልጋቸው ዕውቀት በመሠረቱ አንድ ነው፤ ዓይን የማያየውን ጠላት ማወቅ።

ይህ አንድ ምሳሌ ብቻ ነው። የውኃ ፓምፕ ሞተር ሲገጠም ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ቢቀያየሩ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ድምፁ ይሰማል፤ የሚወጣው ውኃ ግን ትንሽ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ፓምፑ ተበላሸ ብሎ ሌላ ያስገዛል፤ የሚያውቅ ግን ሁለት ሽቦ ቀይሮ በአምስት ደቂቃ ውኃውን ይመልሰዋል። የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች፣ የወተት ማቀዝቀዣዎች፣ የወፍጮ ሞተሮች፣ የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ መሣሪያዎች በየቀበሌው እየበዙ ነው። እያንዳንዱ ነገ ይበላሻል፤ እያንዳንዱም ጠጋኝ ይፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ካየነው ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የሙያ ኮሌጅ ማሠልጠን ከመጀመሩ በፊት በወረዳው ምን ቆሞ እንዳለ መቁጠር አለበት። በጤና ጣቢያ የቆመው መሣሪያ፣ በቀበሌ የደረቀው ቦኖ፣ በወፍጮ ቤት የተቃጠለው ሞተር የሥልጠናው ዕቅድ መነሻ ሊሆን ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ድርጅት በሌለበት ቦታ 70 በመቶውን የሥራ ላይ ልምምድ ሆስፒታሎች፣ የውኃ ጽሕፈት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሊቀበሉት ይችላሉ። ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እስከ ወልቂጤና ቡታጅራ የሙያ ኮሌጆች ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የሚያስፈልገው የሚያመላልሰው ሰው ነው። ሦስተኛ፣ የሳይንስ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ ከራሳችን አንደበት መጀመር አለብን። በቀመር የምናውቀውን ግፊት በመለኪያ አንብቦ የሚያስተካክለውን ሰው ከእኛ ያነሰ አድርገን የምናይ ከሆነ ሳይንሱን ገና አልተረዳነውም።

የሙያ ሥልጠና ሥራ አጥነትን በአንድ ጊዜ አያጠፋም። ካፒታል፣ መብራት፣ መንገድና ሰላም በሌሉበት ቦታ የሠለጠነ እጅም ሥራ ፈት ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በተሟሉበት ቦታ የሠለጠነ እጅ ከሌለ ምንም አይንቀሳቀስም። ዛሬ ሌሊት በአታት አንዲት እናት ምጥ ይዟት ወደ ማዋለጃ ክፍል ትገባ ይሆናል። የሚጠብቃት መቀስ በ121 ዲግሪ መምከኑን ያረጋገጠው ሰው ማን እንደሆነ አትጠይቅም፤ መጠየቅም የለባትም። ያን ሰው ማፍራትና ማክበር ግን የእኛ ሥራ ነው።